ትልቁ ነጭ ኦርኪድ ጊዜው አልፎበታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ከአዲስ አበባ ትልልቅ ነጭ አበባ ያለው ኦርኪድ አምጥታልኝ ነበር፤ አሁን አበባው ረግፏል። ጎረቤቴ ቡና ላይ «እሱማ ድሮ ቀረ፣ አሁን የሚፈለገው ትንንሹና ዝንጉርጉሩ ነው» አለችኝ። እውነት ነው? ሁለት አዳቅዬ የራሴን ዓይነት ማውጣትስ እችላለሁ?
አበባ ወዳድ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጎረቤትሽ አልተሳሳተችም። ያንቺው ፋላኖፕሲስ ይባላል። ክብና ትልቅ ነጭ አበባ ለብዙ ዘመን የአዳቃዮች ሁሉ ምኞት ነበር፤ የዛሬዎቹን ትልልቅ ነጮች ዘር ወደ ኋላ ብትቆጥሪ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካ ውስጥ ከወጣችው «ዶሪስ» ከምትባል ድቅል ይደርሳሉ። ከዚያ ሰው ነጭ ሰለቸው። ቢጫው፣ ባለ መስመሩ፣ ቀለም የተደፋበት የሚመስለው መጣ። አሁን ደግሞ መስኮት ላይ የምትበቃ፣ ትንንሽ አበባ የምታንዠረግግ፣ ሽታ ያላት ትወደዳለች። «ትልቅ ከንፈር» የሚሉትም አለ፣ ከታች በኩል ያለችው የአበባዋ ቅጠል የገዘፈችበት ማለት ነው፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አበባነቱ ጠፍቶብኛል።

ማዳቀሉ ራሱ ቀላል ነው። አበባው መሀል ካለችው አጭር ምሰሶ ጫፍ ላይ ቢጫዎቹን የብናኝ እንክብሎች በስቴኪኒ ታነሺና የሌላኛው አበባ ምሰሶ ሥር ያለው የሚያጣብቅ ጎድጓዳ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ በቃ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬው ለመብሰል ወራት ይፈጃል፣ ዘሩ እንደ አቧራ የላመ ነው፣ በውስጡም ስንቅ የለውም። ጫካ ውስጥ ፈንገስ ይመግበዋል፤ ሰው ሲዘራው ግን ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ፣ ስኳር ባለበት ጄሊ ላይ ነው። አፈር ላይ ብትበትኚው አይበቅልም። ቢበቅልልሽም አበባ ለማየት ዓመታት ትጠብቂያለሽ፣ ወንድማማቾቹም አይመሳሰሉም። ገበያ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው የሚደረደሩት ከአንድ ተክል ሕዋስ በላብራቶሪ የተባዙት ናቸው።

ለደሴ ሰው ከፋሽኑ በፊት የሚታሰበው ብርዱ ነው። ፋላኖፕሲስ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሌሊቱ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድበት አይወድም፣ ስለዚህ ማታ ከመስኮቱ አርቂው። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ ከደሴ ይልቅ እዚያ ይሻለዋል። የደሴ ብርድ የሚስማማው ሲምቢዲየም የሚባለው ሌላው የኦርኪድ ዓይነት ነው፤ እሱ እንዲያውም ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ እምቡጥ አያወጣም።

አበባው የረገፈበትን ዘንግ ደግሞ ቶሎ ከሥሩ አትቁረጪው። አረንጓዴ ከሆነ ከታች ከሦስተኛው አንጓ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ቁረጪ፣ ከዚያው ሊያብብ ይችላል። ከደረቀ ግን ከሥሩ ይነሳ።