ካርቡሬተር የነበረው መኪና ላይ ኢንጀክሽን ሞተር ሲጫን፦ ሥራው ከሰልባትዮው ይጀምራል

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) የነበረውን የድሮ መኪናህን ሞተር አውርደህ ኢንጀክሽን ሞተር፣ ማለትም ነዳጁ በግፊት የሚረጭበትን፣ ልትጭንበት ነው፤ «ኤሌክትሪክ ፓምፕ ገዝቼ ነባሩ መስመር ላይ ብቀጥለው አይበቃም ወይ?» ብለሃል። አይበቃም። እኔም በዚሁ ሐሳብ ጀምሬ ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት ተገድጃለሁና ያየሁትን ልንገርህ።

ካርቡሬተር የሚፈልገው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ቢሆን ነው። ኢንጀክሽን ሞተር ግን በአብዛኛው 3 ባር አካባቢ፣ አንዳንዱም እስከ 4 ባር ይፈልጋል። አሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) እስከ ሞተሩ ያለ ቱቦ፣ ማሰሪያና ፊልትሮ ሁሉ እንደገና መታየት አለበት።

የኔ ስህተት ፓምፑን ያስቀመጥኩበት ቦታ ነበር። ለገመዱ ስለሚቀርብ ኮፈን ውስጥ አሰርኩት። ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን መኪናው ሸጋ ሆኖ ይሄዳል። ነዳጁ ወደ ሩብ ሲወርድ ረጅም ኩርባ ላይ ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ኩርባው ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል። ኢንጀክተር (ነዳጁን የሚረጨውን አፍ) አሳጠብኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን ጠረጠርኩ። የፓምፑም ጩኸት ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ሄዶ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። ጥፋቱ የፓምፑ አልነበረም። የኢንጀክሽን ፓምፕ መግፋት ነው የሚችለው፤ መሳብ አይሆንለትም። የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውስጡ በሚያልፈው ነዳጅ ስለሆነ አየር ከጎረሰ በደረቁ ይፈጫል።

ካርቡሬተር ሳለ ይህ ችግር የማይታየው ካርቡሬተሩ የራሱ ትንሽ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ስላለው ነው። ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ነዳጅ በኩርባ ለጥቂት ሰከንድ ወደ አንድ ጎን ቢሸሽ ሞተሩ ከዚያ ስንቁ ይጠጣል። ኢንጀክሽን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ግፊቱ በወረደባት ቅጽበት ሞተሩ ይሰማዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልገው ፓምፕ ሳይሆን ሰልባትዮ ነው። ያንተ መኪና ሞዴል ኋላ ላይ በኢንጀክሽን ወጥቶ ከሆነ የዚያን ሰልባትዮ አግኝተህ ግጠም። ፓምፑ በውስጡ ነው፣ ነዳጁን የሚያቅፍ ክፍልፋይ አለው፣ ከሞተር የተረፈው ነዳጅ የሚመለስበት ቱቦም ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል። ከሁሉም መንገድ ይህን እመርጣለሁ። ነባሩን ሰልባትዮ ቆርጦ መበየድ ግን ለልምድ ባለቤት ተወው፤ ባዶ የመሰለ ሰልባትዮ ውስጥ የሚቀረው ተን ከፈሳሹ ቤንዚን ይልቅ አደገኛ ነው፣ ይፈነዳል።

እሱ ካልተገኘ እኔ በሁለተኛው ዙር የሠራሁትን ሥራ፦ አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ ትንሽ መካከለኛ ታንክ። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከሰልባትዮ እየሳበ ይሞላዋል፤ ትልቁ ፓምፕ ደግሞ ከሱ ግርጌ፣ ከታንኩ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ይወስዳል። ከሞተር የሚመለሰው ነዳጅ እዚያው ይገባል፣ ከአፍ የተረፈው ወደ ሰልባትዮ ይፈሳል። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱ ፓምፖች እኩል አቅም ሊኖራቸው ይገባል ብሎ ነው። አይገባም። ሞተሩ ያልተጠቀመበት ወደዚያው ታንክ ስለሚመለስ ትንሹ ፓምፕ መተካት ያለበት የሚቃጠለውን ብቻ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት የሚያቃጥለው ወደ 30 ሊትር ነው። በዚሁ ስሌት ትልቁንም ፓምፕ ከልክ በላይ አታግዝፈው፤ ለውድድር መኪና የተሠራ ፓምፕ ነዳጁን በከንቱ እያዞረ ያሞቀዋል።

የመመለሻ መስመርን ቀጥሎ እይ። ነዳጁን ለኢንጀክተሮች የሚያካፍለው ሬይል ላይ ሁለት ቱቦ ካለ አንዱ መግቢያ፣ ሌላው መመለሻ ነው። ነባሩ መመለሻ ከቀጠነ ሬጉሌተሩ (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው) የፈለገውን ያህል ቢከፍት ግፊቱ ከልክ በላይ ይቆያል፣ ሞተሩም ያለ ምክንያት ቤንዚን ያበዛል። ለመግቢያው 8 ሚሊ ሜትር፣ ለመመለሻውም ከዚያ ያላነሰ ብታደርግ ያዋጣሃል። ሬይሉ አንድ ቱቦ ብቻ ካለው ሬጉሌተሩ ከኋላ፣ ሰልባትዮው ዘንድ መሆን ስላለበት ሥራው ይለያል።

አሁን ስለ ቱቦ፣ እዚህ ላይ እባክህ አትቆጥብ። ነባሩን የጎማ ቱቦ አውጥቼ አጠፍ አድርጌ በጥፍሬ ስጫነው ቀጫጭን ስንጥቆች እንደ ደረቀ መሬት አፋቸውን ከፈቱ፤ ጣቴን ሳሸተው ቤንዚን። በ0.3 ባር ላብ ብቻ ያላበው ያ ቱቦ በ3 ባር የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ይረጫል። ለኢንጀክሽን የሚሆነው ቱቦ ጀርባው ላይ «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» ተብሎ ይጻፍበታል። «አር7» የካርቡሬተር ነው። ሰልባትዮ ውስጥ ነዳጅ ውስጥ የሚነከረው ደግሞ «አር10» መሆን አለበት፤ የውጪው ቱቦ ሲነከር ጀርባው ይበላሻል። ማሰሪያውም ጥርሱ ጎማውን የሚቆርጠው ዓይነት ሳይሆን ልሙጡ የኢንጀክሽን ማሰሪያ ይሁን፣ የብረት ቱቦው ጫፍም ጎማው እንዳይሾልክ ትንሽ ጉብ ያለ ይሁን። ረጅሙን መስመር በብረት ቱቦ ሥራው፣ ከጭስ ማውጫው አርቀው፣ በየሁለት ስንዝሩ ከሻሲው ጋር አስረው። ንጹሕ መዳብ አትጠቀም፤ በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃል።

ፊልትሮ፦ ከፓምፑ በፊት ሻካራ ወንፊት፣ ከፓምፑ በኋላ ደቃቁ። ደቃቁን ከፊት ካስቀመጥከው ፓምፑን ታንቀዋለህ።

ኤሌክትሪኩን ከቁልፉ በቀጥታ አትውሰድ። ከባትሪ በፊውዝ፣ በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) በኩል ይምጣ፤ ሪሌዩን ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ይዘዘው። ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ገደማ ጎርጎር ብሎ ዝም ማለቱ ደግ ነው። ሞተሩ ከቆመ ፓምፑም መቆም አለበት፤ በቀጥታ ካገናኘኸው በግጭት ጊዜ የተበጠሰ ቱቦ ላይ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ግጭት ሲደርስ መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያ ጨምርበት። የኔ ሁለተኛ ፓምፕ ደክሞ ነበር፤ ጫፉ ላይ ስለካው 10.8 ቮልት ብቻ ይደርሰው ነበር። የኔጋቲቩ ገመድ የዛገ ላሜራ ላይ ታስሮ ኖሯል። ላሜራውን ፍቄ አዲስ ገመድ ስሰጠው ጩኸቱም ተለወጠ።

ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት እሳት ማጥፊያ አጠገብህ አድርገህ ፓምፑን ብቻ አስነሣና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ነጭ ሶፍት አብስ፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳይሃል። ከዚያ የግፊት መለኪያ ጌጅ ግጠም። ሞተሩ ሲሠራ የሬጉሌተሩን የቫኩም ቱቦ ስትነቅል ግፊቱ በግማሽ ባር ገደማ ከፍ ካለ ሬጉሌተሩ ደህና ነው። ሞተሩ ከጋለ በኋላም መጋጠሚያዎቹን እንደገና አብስ።

የሬይሉን ፎቶና የመኪናውን ዓመተ ምርት ላክልኝ። ስንት ቱቦ እንዳለው ካየሁ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚያዋጣህ እነግርሃለሁ።