የጣሳ ወተት ጥናቴ ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ያስገኝልኛል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ዘንድሮ በኬሚካል ምህንድስና የተመረቀች ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው የሕፃናት ዱቄት ወተት ስንት ወር ሳይበላሽ እንደሚቆይ በመተንበይ ላይ ነው። «እዚህ አካባቢ የሕፃናት ወተት የሚያመርት ፋብሪካ አላውቅም። 6 ቦታ ሲቪ አስገባሁ፣ የደወለልኝ የለም። ርዕሱን ስመርጥ ተሳስቼ ይሆን?» ትላለች። ጽሑፏንም ልካልኛለች።

አብሽሪ እህቴ፣ ርዕስሽ ደህና ነው። እኔን ያሳሰበኝ ስሌቱ ነው።

ዱቄቱን 40 ዲግሪ ላይ አስቀመጥሽ። ቫይታሚን ሲው በ4 ወር ሊኖረው ከሚገባው ዝቅተኛ መጠን (ከገደቡ) በታች ወረደ። ከዚያ «ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ብልሽቱ በእጥፍ ይፈጥናል» ብለሽ፣ 25 ዲግሪ ላይ 11 ወር ይቆያል አልሽ። ማባዛቱ ልክ ነው። ግን «እጥፍ» የሚለውን ከየት አመጣሽው? ከመማሪያ መጽሐፍ። ሦስት እጥፍ ብትዪ ኖሮ ያው 4 ወር ወደ 21 ወር ይሄድልሽ ነበር። በአንድ ቃል 10 ወር ዘለለ! ነገሩ የሕፃን ምግብ ነው። ኬሚስት የሆነ ቀጣሪ ከገጠመሽ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይቺኑ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ በ3 ሙቀት ለኪ። አማካሪሽን ለምነሽ ኢንኪዩቤተሩን፣ ሙቀቱን ሳይለውጥ የሚያቆየውን ሳጥን፣ ተዋሺ። ገደቡ እስኪደርስ መጠበቅ የለብሽም፤ በየ15 ቀኑ እየለካሽ የመቀነሱን ፍጥነት ካገኘሽ ይበቃል። ቫይታሚን ሲ በቲትሬሽን (ሌላ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ) ስለሚለካ ውድ መሣሪያ የለኝም አትበዪኝ።

ሌላም አለ። «ናሙናው ጓጎለ» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻል። እኔ ብሆን እዚያ ላይ ነበር የምቆመው። ደህና በደረቀ ዱቄት ውስጥ ላክቶሱ፣ ማለትም የወተቱ ስኳር፣ እንደ መስታወት ጠንክሮ ይቀመጣል። እርጥበት ሲገባውና ሲሞቅ ይላላል፣ ይጣበቃል፣ ክሪስታል መሥራት ይጀምራል። ክሪስታል ሲሠራ ደግሞ ይዞት የነበረውን ውኃ ይለቃል። ያ ውኃ ዱቄቱን ወደ ቡናማነት ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ የምትለኪው የጀመርሽበትን ዱቄት አይደለም፤ ከ40 ዲግሪ ወደ 25 የወሰድሽበት ስሌትም አይሠራም። የናሙናሽ ክዳን አየር ያስገባ እንደሆነ አረጋግጪ።

ስቡንም አሽትቺው እንጂ! ዲኤችኤ (የኦሜጋ 3 ስብ ዓይነት) ያለበት ዘይት በኦክስጅን ሲበላሽ ዓሣ ዓሣ ይላል። ጣሳው ውስጥ ናይትሮጅን የሚሞላው ኦክስጅኑን ለማስወጣት ነው። ጣሳው አንዴ ከተከፈተ ግን ትንበያሽ አለቀ፤ ብዙ ጣሳ ላይ «ከተከፈተ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ይጠቀሙ» የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሲቪሽ ላይ «የሕፃናት ወተት» የሚለውን ከላይ አትስቀዪው፣ ያነበበው ሁሉ «እኛ ጋ ወተት የለም» ብሎ ያልፍሻል። «የምርት የመጠቀሚያ ጊዜን ከሙቀትና ከእርጥበት አንጻር መተንበይ» በዪ። ቢራ፣ ብስኩት፣ ዘይት፣ ዱቄት የሚያመርት ሁሉ ኤክስፓየር ዴት ይጽፋል። መድኃኒት ፋብሪካዎች ደግሞ ስታቢሊቲ ይሉታል፤ በ40 ዲግሪና በ75 በመቶ እርጥበት ለ6 ወር የሚፈትኑት ያንቺኑ ዓይነት ነገር ነው። ከዚህ በኋላ የጥራት ቁጥጥር ማስታወቂያ ስታዪ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚለውን ብቻ አትፈልጊ። 2 ዓመት ቢሉም አስገቢ፣ ቢበዛ አይደውሉልሽም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ጭነቱ በአፋር ሙቀት ያልፋል፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ ብርድ ይቀበለዋል። ታዲያ ያ 25 ዲግሪሽ የት ያለ ነው? ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ሱቅ፣ ደሴም አንድ ሱቅ አስፈቅጂና ጣሳዎቹ መደርደሪያ ላይ ቴርሞሜትር አስቀምጪ። ለ2 ወር ጠዋትና ከሰዓት መዝግቢ፤ የደሴውን ባለሱቁ ፎቶ እያነሳ ይላክልሽ። ከአዲሱ ስሌትሽ ጋር አገናኝተሽ በአንድ ገጽ ግራፍ ሥሪና ኢንተርቪው ይዘሽው ግቢ። ቴርሞሜትሩን ግን ከበሩ አርቂው፣ ፀሐይ እንዳይነካው።