መልስ፦ ታይዋን የራሷ ፓስፖርትና ጦር እያላት ለምን ተመድ ውስጥ የለችም?

ፓስፖርትና ጦር ስላለህ ብቻ ተመድ አያስገባህም፣ ለዛ ነው። አዲስ አባል ለመግባት መጀመሪያ የጸጥታው ምክር ቤት መስማማት አለበት፣ እዛ ደግሞ ቻይና ቬቶ (ውሳኔን ብቻዋን የማገድ መብት) አላት፣ አለቀ። በተግባር ግን ደሴቷ ራሷን ነው የምታስተዳድረው፣ እ.ኤ.አ ከ1996 ጀምሮ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ይመርጣል፣ የአሁኑ የቤጂንግ መንግሥት አንድ ቀን እንኳን ገዝቷት አያውቅም።

ታይዋን "ድሮ አባል ነበረች" የሚባለው በከፊል ልክ ነው። በ1949 በእርስ በርስ ጦርነቱ ተሸንፎ ወደ ታይዋን ዋና ከተማ ታይፔ የሸሸው የቻይና መሪ የቻንግ ካይሼክ መንግሥት የቻይናን ወንበር እስከ 1971 ይዞት ቆየ፣ ከዛ የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ 2758 ወንበሩን ለቤጂንግ ሰጠና የቻንግን ተወካዮች አስወጣ። ጭቅጭቁ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ውሳኔው ውስጥ ታይዋን የሚል ስም የለም፣ ቤጂንግ ሁሉም ነገር በሱ ተቋጭቷል ትላለች፣ አሜሪካ ደግሞ ስለ ደሴቷ ሉዓላዊነት የወሰነው ነገር የለም ትላለች። የኛ አገር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1970 ነው ለቤጂንግ እውቅና የሰጠችው፣ አሁን ከአፍሪካ ከታይፔ ጋር ሙሉ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ያላት ኢስዋቲኒ ብቻ ናት። 23 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ተመድ ውስጥ ድምፅ ማጣቱ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ኦሎምፒክ ላይ "ቻይኒዝ ታይፔ" መባሏን ወይ ኦንላይን ፎርም ላይ "የቻይና ግዛት" ተብላ መጻፏን የቻይና አካል ለመሆኗ ማስረጃ አድርገህ አታቅርብ፣ እንዲህ አይነት ክርክር ላይ ብዙ ሰው በዚህ ሲሸነፍ አይቻለሁ። የኦሎምፒኩ ስም በስምምነት የመጣ ነው። 2758ን ራሱን ፈልገህ አንብበው፣ አጭር ነው።