የትራውት ዓይነት፣ ዝርያ ወይስ ወገን?

ከድሬዳዋ ሳቢያን አንድ የባዮሎጂ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ “ትራውት የሚባለው የወንዝ ዓሣ መልኩ በየአገሩ ይለያያል። ‘ዝርያዎች’ ልበል ‘ዓይነቶች’? ባልደረባዬ ሁለቱም ያው ናቸው ይለኛል።”

ያው አይደሉም! ይህን “ያው ነው” የሚል አነጋገር ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል። “ዓይነት” ከ“ዓይን” ነው። የታየውን መልክ ይናገራል፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም። “ዝርያ” ግን ከ“ዘራ” ይወጣል። ግእዙ “ዘርእ” ነው፤ “ለአብርሃም ወለዘርኡ” ሲባል የምንሰማው። ዐረብኛውም “ዘርዕ” ይላል፤ ሐረር ጀጎል ያደገ ሰው ዝምድናውን ለመስማት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ዋጠና “ዘር” ብሎ አስቀረው። ዝርያ እንግዲህ የትውልድ ነገር ነው።

“የሐረር ሰንጋ”ን ይውሰዱ። ሰንጋ የተኮላሸ በሬ ነው፤ ዘር አይተካም። ስሙን የሰጠው ገበሬው ደጁ አስሮ የማሽላ ቅጠልና አገዳ በእጁ እያጎረሰ ማድለቡ ነው። ስለዚህ “የሐረር ሰንጋ ዝርያ” ሲሉኝ ጆሮዬ አይቀበለውም። የባሌው ትራውትም እንዲሁ ነው። ዌብ ወንዝ ውስጥ ይያዛል፤ ግን ከኬንያ አምጥተው የለቀቁት ነው። “የባሌ ትራውት” ማለት ይቻላል፤ “የባሌ ዝርያ” ግን አይሆንም።

ሊቃውንቱም በዓይን ተሸውደዋል። ለፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የወንዙንና የጅረቱን ትራውት ሁለት አድርጎ ሰየማቸው። ዛሬ ሁለቱም ቡናማ ትራውት የሚባለው አንድ ዝርያ ናቸው። አየርላንድ ውስጥ ሜልቪን የሚባል ሐይቅ ደግሞ አለ። እዚያ ሦስት ዓይነት ትራውት አብሮ ይኖራል። አንዱ ቀንድ አውጣ ይለቅማል፣ ሌላው ዓሣ ያድናል፣ ሦስተኛው ውኃው መካከል የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይበላል። ዕንቁላል የሚጥሉበት ቦታ የተለያየ በመሆኑ እምብዛም አይዳቀሉም። እነዚህን ምን እንበላቸው?

እኔ “ወገን” እላለሁ። ኦሪት ዘፍጥረት “እንደ ወገኑ” የሚለው ቃል ነው። ወገን ደምም አለው፣ ቦታም አለው። “ለሰው እንጂ ለዓሣ አይሆንም” የሚሉ አሉ። ዘፍጥረት ግን ሰው ገና ሳይፈጠር ለሣርና ለውኃ ፍጥረት ተጠቅሞበታል።

እርግጥ ነው፣ ሰዉ ቀድሞኛል። ግብርናው “የተሻሻለ የማሽላ ዝርያ” ይላል፤ የተማሪው መጽሐፍም ዝርያን ለላይኛው እርከን፣ እንግሊዝኛው “ስፒሺስ” ለሚለው፣ ይጠቀምበታል። አንድ ቃል ሁለት ወንበር ይዟል። ገበሬው ከለመደው ቃል አልጣላም፤ ባልወደውም እቀበለዋለሁ።

እርስዎ ግን ክፍል ውስጥ “የቡናማ ትራውት ዝርያ፣ የሜልቪን ሐይቅ ወገኖች” ብለው ይጻፉልኝ። “ዓሣ”ንም በዐይኑ “ዓ”፣ በንጉሡ “ሣ”።