የብስክሌት መስመር በጠባቡ የገበያ መንገድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ወደ ገበያ በሚወስድ ጠባብ አስፋልት ዳር ከአባቴ የተረከብኩት የእህልና የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር አለኝ። ባለፈው ወር የአካባቢው ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ለስብሰባ ተጠርተን በመንገዱ ግራና ቀኝ የብስክሌት መስመር ሊሠራ መታሰቡ ተነገረን፤ አብዛኞቻችንም ተቃወምን። አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር 9 ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት አይሱዙ ቆሞ ዱቄትና ዘይት ሲያራግፍ ባጃጆች እንኳ የሚተላለፉት አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው። ደንበኛ መኪናውን የሚያቆምበት ካጣ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይሸምታል ብለን እንሰጋለን። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ደግሞ ብስክሌተኞች በእግረኛው መካከል እየተሹለከለኩ ሰው ይጥላሉ ይላሉ። አሁን የተቃውሞ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በብስክሌት ስለሆነ እኔ እስካሁን አልፈረምኩም። ምን ይመክሩኛል?
አንድ ነጋዴ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ሳይፈርሙ መቆየትዎ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ይህን ስል ግን የጎረቤቶችዎን ሥጋት ማቃለሌ አይደለም። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ የሌለው የገበያ መንገድ ነጋዴውንም ሸማቹንም ይጎዳል፤ ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ዕቅድ ተቃውሞ ቢገጥመው የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት ሊጠየቅ የሚገባው የመስመሩ አሠራር እንጂ ብስክሌተኛው በመንገዱ ላይ ያለው ድርሻ አይደለም። ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር ሜዳ በሆነችው ሐዋሳ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው በብስክሌት ሲመላለሱ ኖረዋል፤ መስመሩ ቢሠራም ባይሠራም ነገ ጠዋት በእርስዎ መደብር በር ላይ ማለፋቸው አይቀርም።

እስቲ 9 ሜትሩን እናከፋፍለው። ለአንድ አቅጣጫ የሚሆን የብስክሌት መስመር ቢያንስ 1.5 ሜትር ወርድ ይፈልጋል፤ ግራና ቀኙ ሲደመር 3 ሜትር ይሆናል። የተረፈው 6 ሜትር ለሚሄደውና ለሚመጣው ተሽከርካሪ 3፣ 3 ሜትር ሲሰጥ ያልቃል። ታዲያ አይሱዙው የት ይቆማል? ያለ ጥርጥር ብስክሌት መስመሩ ላይ ይቆማል። መስመሩ በነጭ ቀለም ብቻ የተለየ ከሆነ ደግሞ ባጃጁም ይገባበታል፤ የባጃጅ ወርድ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ 1.5 ሜትሩ ልክ ለእሱ የተሰፋ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ልጅዎ በቆመው መኪና ምክንያት ከመስመሩ ወጥቶ፣ ከኋላው የሚመጣውን ሳያይ መሐል አስፋልት ላይ ለመግባት ይገደዳል። እንዲህ ያለው መስመር መስመር ከሌለው መንገድ ይልቅ ያሰጋኛል፤ አሽከርካሪው ብስክሌተኛው በቦታው ይሄዳል ብሎ ሲተማመን ብስክሌተኛው ድንገት ፊቱ ይገባበታልና።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከተስፋፋ ወዲህ የብስክሌት መስመር በሰፋፊ ጎዳናዎች ዳር መታየቱ በጎ ነገር ነው። በሰፊ ጎዳና ላይ የተሠራውን ግን እንዳለ ወደ ገበያ መንገድ ማምጣት አይቻልም። በእናንተ 9 ሜትር ላይ ሊሠራ የሚችለውና እኔም የምደግፈው፣ መንገዱን ለተሽከርካሪ ባለ አንድ አቅጣጫ ማድረግ ነው። ለተሽከርካሪ 3 ሜትር፣ ለጭነት ማራገፊያና ለአጭር ጊዜ ማቆሚያ 2.5 ሜትር፣ ለብስክሌት በሁለቱም ወገን 1.5፣ 1.5 ሜትር ቢሰጥ ድምሩ 8.5 ሜትር ይሆናል። የተረፈችው ግማሽ ሜትር ማቆሚያውንና ብስክሌት መስመሩን ለይታ የመኪና በር ድንገት ሲከፈት ልጁን ታድነዋለች። ይህ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ባጃጆችና መኪኖች ሲመለሱ በጎን ባለው መንገድ ይዞራሉ፤ ከፊት የሚመጣ ተሽከርካሪ የሌለበት መንገድም ለፍጥነት ስለሚጋብዝ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያስፈልገዋል።

የጎን መንገድ ከሌለና ይህ ካልተቻለ፣ የተለየ መስመር ከመሥራት ይልቅ የሁሉንም ፍጥነት በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች ማውረድ የተሻለ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ የሚያሳርፈው ጉልበት በ30 ከሚሄደው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ብስክሌትና መኪና በተቀራራቢ ፍጥነት በሚጓዙበት ጠባብ መንገድ ላይ አብሮ መሄድ ይቻላል።

ስለ ገበያው ያላችሁን ሥጋት በተመለከተ፣ በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ባለ ሱቆች ከደንበኞቻቸው 41 በመቶ የሚሆኑት በመኪና እንደሚመጡ ገምተው ነበር፤ ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን በመኪና የመጡት 22 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ብሪስቶል ሐዋሳ አይደለችምና በዚህ ቁጥር ላይ ውሳኔ እንዲመሠርቱ አልልም። እርስዎ ግን ለአንድ ሳምንት ባንኮኒዎ ላይ ደብተር አስቀምጠው፣ የሚገዛዎት ሰው በእግር፣ በባጃጅ፣ በብስክሌት ወይስ በመኪና እንደመጣ በአራት ዓምድ ይመዝግቡ። በዚያው ሳምንት ከበርዎ ፊት ቀኑን ሙሉ የቆመው መኪና የማን እንደሆነም ያስተውሉ፤ ብዙ ጊዜ የደንበኛ ሳይሆን የባለ ሱቅ ወይም የሠራተኛ ሆኖ ይገኛል።

የጎረቤትዎ የእኚያ እናት ፍርሃት እውነተኛ ነው። ብስክሌተኛው ወደ እግረኛ መንገድ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ አስፋልቱ ስለሚያስፈራው ነው፤ የራሱ ቦታ ሲኖረው ለእሳቸውም መንገዱ ይለቀቅላቸዋል።

ዛሬ የብስክሌት አገር እየተባለች የምትጠራው ኔዘርላንድስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተውባታል፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። መንገዶቿ የተለወጡት ወላጆች አደባባይ ወጥተው ልጆቻችንን አታስፈጁብን ካሉ በኋላ ነው። በአገራችንም የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ስላወጣ፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ቦታ ይሰጥ ብሎ መጠየቅ ዛሬ የመንግሥት ፖሊሲ ድጋፍ ያለው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ በተቃውሞው ወረቀት ፋንታ ሌላ ደብዳቤ እንዲጽፉና ጎረቤቶችዎን እንዲያስፈርሙ እመክራለሁ። በደብዳቤው የመንገዱን ልክ፣ ጭነት የሚራገፍባቸውን ሰዓታትና የአንድ ሳምንቱን ቆጠራ አስፍሩ፤ መስመሩ በቀለም ብቻ እንዳይቀር፣ የማራገፊያ ቦታ እንዲከለል፣ መጀመሪያም ሊነሣ በሚችል መለያ ለጥቂት ወራት እንዲሞከር ጠይቁ። ሙከራው ካልሠራ መመለስ እንደሚቻል ሲያውቅ፣ ዛሬ የሚቃወመው ጎረቤትዎም በቅን ልብ ሊያየው ይችላል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ከተማ ባጃጅ እነዳለሁ። መስመሩ በድንጋይ ከታጠረ ተሳፋሪ የት አወርዳለሁ? ነፍሰ ጡር ወይም ዕቃ የያዘ ሰው መሐል አስፋልት ላይ ላውርድ?

መልስ፦ አይገባም፤ ጥያቄዎም ለሥራዎ ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪዎ የተጨነቁበት ነው። መለያው ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ አጥር መሆን የለበትም። በየተወሰነ ርቀት ባጃጅ ጠርዝ ይዞ የሚቆምባቸው ክፍት ቦታዎች ሊተዉ ይገባል፤ በእነዚያም ቦታዎች ብስክሌተኛው ቆሞ ለወራጁ ያሳልፋል። ባጃጅ በመስመሩ ውስጥ እንዳይነዳ ደግሞ በመግቢያው መሐል አንድ ምሰሶ ማቆም ይበቃል። ተሳፋሪዎችዎ በብዛት የሚወርዱባቸውን ቦታዎች ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ባለ ባጃጆች ናችሁና፣ በማኅበራችሁ በኩል እነዚህን ቦታዎች ዘርዝራችሁ ነጋዴዎቹ ከሚጽፉት ደብዳቤ ጋር አያይዙት።