የሠዓሊው ስም በየትኛው ገጽ ላይ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የዓምዱ አዘጋጅ መልስ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ የማነብላቸውን መጻሕፍት ስመርጥ ቀድሞ የሚማርከኝ ሥዕላቸው ነው፤ ሆኖም በዘመናችን ከሚሠሩ የመጽሐፍ ሠዓልያን መካከል የአንዱን ስም ጥሪ ብባል አልችልም። በኢንስታግራም ብፈልግም የሚያሳየኝ ሁሉ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ሆነብኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ስልክዎን ለጊዜው ያስቀምጡትና ከራስዎ መደርደሪያ ይጀምሩ። ኢንስታግራም የሚያቀርብልዎ ትናንት ጣትዎ ያረፈበትን የሚመስለውን ነውና፣ አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት ክብ ፊት ቢደጋገምብዎ አያስደንቅም። ልጆቹ ደጋግመው «አሁንም ይህን» ከሚሏቸው መጻሕፍት ሁለት ሦስቱን ይምረጡ። የሠዓሊው ስም በሽፋኑ ላይ ካልታተመ፣ ከርእሱ ገጽ ጀርባ፣ የባለቤትነት መብቱና የማተሚያ ቤቱ ስም በደቃቅ ፊደል በሰፈረበት ቦታ ይፈልጉት። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት የሕፃናት መጽሐፍ ስገዛ የደራሲውን ስም እንጂ የሠዓሊውን አንብቤ አላውቅም ነበር፤ በጣም የምወዳቸው ሦስት መጻሕፍት የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸውን ያወቅሁ ዕለት አፈርሁ። አንዳንድ የአገር ውስጥ ኅትመቶች ግን ስሙን ጨርሶ አያወጡትም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከፍሬ ጽዮን በቀር ስማቸው የደረሰን የጥንት ሠዓልያን ጥቂት ናቸው፤ የእነርሱ ዝምታ ከትሕትና ሊቆጠር ይችል ይሆናል፣ ለዛሬው ሠዓሊ ግን ስሙ እንጀራው ነው።

ስም ካገኙ በኋላ ያንኑ ሰው ወደ ሌላው ሥራው ይከተሉት። ለዚህ የሚመቹ ሁለት ነጻ የኢንተርኔት መጽሐፍ ማከማቻዎች አሉ፤ አንዱ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ ሌላው የሕንዱ ፕራታም ቡክስ ያቋቋመው ስቶሪዊቨር ነው። በሁለቱም ዘንድ በአማርኛ የቀረቡ ተረቶች ይገኛሉ፤ የሠዓሊውም ስም ከደራሲው ጎን ይጻፋል። ከዚህም በላይ በእነዚህ ማከማቻዎች አንዱ ሥዕል ለተለያዩ ታሪኮች ማገልገሉ ለእርስዎ ሙያ ይጠቅማል፤ ተማሪዎችዎ ለአንድ ሥዕል ሁለት ታሪክ ሲሰሙ ሠዓሊው በራሱ በኩል ምን እንደጨመረ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

ከዚያ የሚያልፉ ከሆነ ዳኞች የመረጧቸውን ስሞች እንዲያዩ እመክራለሁ፤ ዳኞች ይሳሳታሉ፣ ግን ከስልክዎ ይልቅ ልዩ ልዩ እጅ ያሳዩዎታል። በጣልያኗ ቦሎኛ ከተማ በየዓመቱ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የሚካሄደው የሕፃናት መጻሕፍት ዐውደ ርእይ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሠዓልያን ትርኢት አለው። ተወዳዳሪው በአንድ ጭብጥ ላይ የተሠሩ 5 ሥዕሎችን ያስገባል፤ አንድም መጽሐፍ ያላሳተመ ወጣት ከታወቀው ሠዓሊ ጋር አብሮ ይዳኛል። የአምስቱ ነገር ቀላል አይደለም፤ አንድ ሥዕል በዕድል ሊያምር ይችላል፣ በአምስት ገጽ ላይ የአንዲትን ልጅ መልክ ሳይለውጡ ስሜቷን መለዋወጥ ግን ዕድል አይደለም። የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫም በዚያው ዓመት የተጀመረና በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትርኢት አላት። ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን የተባለው ሽልማት ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ለአንድ ሠዓሊ ለጠቅላላ ሥራው ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ስዊዘርላንዳዊቷ አልበርቲን፣ በ2022 ደቡብ ኮሪያዊቷ ሱዚ ሊ፣ በ2024 ካናዳዊው ሲድኒ ስሚዝ ተሸልመዋል።

ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሱዚ ሊን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ዌቭ» የተባለው መጽሐፏ፣ በእኛ ቋንቋ «ማዕበል» ማለት ነው፣ ከርእሱ በቀር አንድም ቃል የለውም፤ ቀለሙም የከሰል ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ ነው። አንዲት ልጅ በግራው ገጽ ቆማለች፣ ባሕሩ በቀኙ ገጽ አለ፤ በመካከላቸው የመጽሐፉ ስፌት እንደ ድንበር ይሆናል። ልጅቷ ድንበሩን ስትሻገር የሰውነቷ ከፊል በስፌቱ ውስጥ ይጠፋል፤ የቸኮለ አንባቢ የኅትመት ስሕተት ሊመስለው ይችላል፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በኋላ ማዕበሉ ስፌቱን ጥሶ ወደ ግራ ሲፈስ ግራጫው ዓለም ይለወጣል፤ ቀሚሷና ሰማዩ ሰማያዊ ሆነው ይወጣሉ። ይህን በስልክ አንድ አንድ ገጽ እየለየ የሚያይ ሰው ቁም ነገሩ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ከተቻለ ወረቀቱን በእጅዎ ይያዙት፣ ካልተቻለም ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን የተከፈቱበትን ምስል ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ሥዕሉ ጥሩ የሆነና አብረን የምናየው መጽሐፍ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ቃል አልባ መጽሐፍ ለእርስዎ ቤት የተሠራ ያህል ነው፤ ታሪኩን በአማርኛ የሚተርኩት እርስዎ ይሆናሉና። አውስትራሊያዊው ሾን ታን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው «ዘ አራይቫል» ቤተሰቡን ትቶ ወደማያውቀው አገር የሚሰደድ ሰው ታሪክ ነው፤ ሥዕሎቹ በእርሳስ ተሠርተው እንደ አሮጌ ፎቶግራፍ የደበዘዙ ናቸው። መጀመሪያው ገጽ የሚያሳየው ትንንሽ የቤት ዕቃ ነው፤ ከወረቀት የታጠፈች ወፍ፣ ሰዓት፣ ባርኔጣ፣ በሕፃን እጅ የተሣለ የቤተሰብ ሥዕል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ። ቀጥሎ የባልና የሚስት እጆች በተዘጋ ሻንጣ ላይ ተደራርበው ይታያሉ። ሰውየው የደረሰበት ከተማ ጽሑፍ ሁሉ ሠዓሊው የፈጠረው ፊደል ስለሆነ ማንም አንባቢ ሊያነበው አይችልም፤ እርስዎ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው የቆሙበትን የመጀመሪያ ሰዓት ለልጅዎ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ገጽ አላውቅም። በመካከሉ ስለ ጦርነት የሚተርኩ ከበድ ያሉ ገጾች አሉና ብቻዋን እንዳይተዉአት፤ በየሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱም ከግራፊክ ኖቭል መደርደሪያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የመጽሐፍ ሥዕል ሳይሆን ንድፍ ራሱን ዋና ሥራቸው ያደረጉ ሠዓልያንን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ በ1970 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከተወለደችው ከጁሊ ምሕረቱ ቢጀምሩ አይቆጩም። ሥራዎቿ ሲታዩ ግዙፍ ሸራዎች ናቸው፣ መሠረታቸው ግን ንድፍ ነው፤ የሕንፃዎችን ንድፍ በቀጭን መስመር ታነጥፍና በላዩ ላይ ብዙ የቀለም ጭረት ታደራርባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በሠራችው ባለ አራት ክፍል «ሞጋማ» ውስጥ የካይሮው ታህሪር አደባባይ ሕንፃዎችና የእኛው መስቀል አደባባይ መስመሮች ተደራርበው ይገኛሉ፤ ምስሉን አስፍተው የትኛው መስመር የማን እንደሆነ ለመለየት ይሞክሩ። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለንድፍ ብቻ የቆመ ድሮዊንግ ሴንተር የተባለ ተቋም አለ፤ በዚያ ትርኢት ያቀረቡ ሠዓልያን ስም ዝርዝር ለወራት የሚበቃ መነሻ ይሆንዎታል። ከሁሉ የሚቀርብዎ ግን በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው፤ የተመራቂዎቹን ዐውደ ርእይ አያምልጥዎ። በመክፈቻው ዕለት ሳይሆን በማግሥቱ ይሂዱ፤ በመክፈቻው ሰው ሥዕሉን ይጋርዳል።