መልስ፦ ሰኔ ላይ ለምትወልጂው እህቴ

እህቴ፣ ሰኔ ላይ ልወልድ ነው፣ ቤቱንና የ4 ዓመት ልጄን እንዴት ላዘጋጅ ብለሻል። በሰላም ያገላግልሽ! እኔም ድሬዳዋ ነው የወለድኩት፣ በዚያው ሙቀት።

ከአልጋው በፊት አጎበር። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስይዘው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑ ቀን ሲተኛም አጎበር ውስጥ ይሁን። ውሃ ሲጠፋ ብለሽ የሞላሽውን በርሜል ግጥም አድርገሽ ክደኚ። እዚያ ነው የምትፈለፈለው።

"በዚህ ሙቀት ጠብታ ውሃ አቅምሺው እንጂ" የሚሉ ጎረቤቶች አይጠፉም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃውን አንቺ ጠጪ።

ልብስ ስስ ጥጥ። እኔ የገዛሁት ወፍራም ብርድ ልብስ እስካሁን ከነፕላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

ለትልቋ ሥራ ስጫት። የእኔዋ ዳይፐር አቀባይ ሆና ተሹማ ነበር፤ ሌላ ሰው ከነካባት ለቅሶ ነው።